ያየህ አልተቀየመም

እሑድ፣ ጃንዋሪ 8

ይህን ደብተር የገዛሁት ለባሌ ለያየህ ክኒን ነው። ነርሷ «መቼ እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚያንቀጠቅጠው፣ መቼ እግሩ እንደሚቆም ጻፊ» አለችኝ። ጠዋት በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ ከሰዓት በሦስት፣ ማታ በሰባት። በዚህ አገር ሰዓት ነው። በአገራችን አቆጣጠር ብጽፈው ነርሷ ሰውዬውን ትገድልብኛለች።

የመጀመሪያውን ገጽ እንደታዘዝኩት ሞላሁት። ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። ልጄ ኤፍራት አማርኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ያየህ ያነባል፤ መነጽሩን የት እንደማስቀምጠው ግን የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ልጻፈው። ባሌ ፓርኪንሰን አለበት። ሁለት ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። የምናውቀው እሱ፣ እኔ፣ ኤፍራትና የሚያክሙት ብቻ ነን። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎኛል፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ዛሬ ከገበያ ስገባ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። የሚወደውን ዱባ ይዤለት መጥቻለሁ። «እንዴት ዋልክ?» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ወደ መስኮቱ ዞረ። በሽታው ነው፣ አውቃለሁ። የፊት ጡንቻ ይደርቃል ብላ ሐኪሟ አስረድታኛለች። ቢሆንም ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ ሽንኩርቱን ከተፍኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 10

በክሊኒኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ ይናገራል፣ እኔ ለሽማግሌዎቻችን በአማርኛ እነግራለሁ። ዛሬ አንዲት እናት ይዤ ገባሁ። ሐኪሙ «ኩላሊቷ መሥራት እያቆመ ነው» አለ። እኔ «ኩላሊትዎ ደክሞታል፣ አጋዥ ይፈልጋል» አልኳቸው። እናትየው እኔን መረቁ፣ ሐኪሙንም መረቁ፣ እየተደገፉ ወጡ። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ፊት ላይ አይወረወርም። ጧት ተነስቶ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው። ይህን ለወጣት ሐኪሞች ማስረዳት ስለሰለቸኝ ዝም ብዬ አለሳልሳለሁ።

ልወጣ ስል ሊሮን መጣች። የማትናሱ፣ ማለት የሰፈሩ አዳራሽ፣ የአረጋውያን ክበብ አስተባባሪ ናት። እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ።

«እትዬ እልፍነሽ፣ ለሽማግሌዎቹ ሴሬት ልናሳይ ነው፣ ፊልም። ዕብራይስጥ ነው፣ የታችኛውን ጽሑፍ አያነቡም። እርስዎ ማይክሮፎን ይዘው ይተረጉማሉ፣ በሴደር?»

«በሴደር» አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ምን እንደሆነ የጠየቅኳት።

«ስለ አንድ ቤተሰብ። አባትየው ፓርኪንሰን አለበት። እኛ ዘንድ ይህን በሽታ ማንም አያወራም፣ ናኮን?»

ልክ ነሽ አልኳት። ማንም አያወራም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 12

አውቶቡስ ውስጥ። ሊሮን ፊልሙን ስልኬ ላይ ልካልኛለች። ድምፁን ዝቅ አድርጌ አየሁት። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ባልየው አቭነር ይባላል፣ አናጢ ነበር። ሚስቱ አዲና። ልጃቸው ናት የቀረጸቻቸው። ነቬ ሐይም ሰፈር ያለውን ማቆሚያዬን አልፌ ሄድኩ፤ በእግር ተመለስኩ።

ደቂቃ አርባ አንድ ላይ ያለውን አልተረጉመውም። ቢዘለል ማን ያውቃል?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

የጎረቤታችን የሽሎሞ እናት አርፈው ለቅሶ ነበር። ያየህ አልሄደም። «ብርድ ነው፣ ተው» ያልኩት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ቀን ያየህና አያ ዓለምነው ተያይዘው ነበር የሚገቡት። የአንድ መንደር ልጆች ናቸው፤ ሱዳንን አብረው ነው የተሻገሩት፤ እዚህ ሐደራ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብረው ሲያስታርቁ ኖረዋል። ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወንድማማች ቢካሰስ፣ «ያየህንና ዓለምነውን ጥሩ» ነው የሚባለው። አሁን ዓለምነው ብቻውን ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ። አጠገቡ ያለውን ወንበር ማንም አልያዘበትም።

ጓዳ ብርጭቆ ሳጥብ ሁለት ሴቶች ከመጋረጃው ወዲያ ያወራሉ።

«ያየህ እኮ ተቀይሟል።»

«በማን?»

«በዓለምነው ነዋ! ገበያ ላይ ዓለምነው እጁን ሲዘረጋለት፣ ይህ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ፊቱን ቅጭም አድርጎ አየውና አለፈ።»

«ሲያስታርቁ የኖሩት ሁለቱ? ታዲያ እነሱን ማን ያስታርቃቸዋል?»

ሳቁ። እኔም ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሞኞች ናቸው ብዬ። እጁ በኪሱ ያለው ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ወጥቼ ይህን መናገር እችል ነበር። እጄን አድርቄ በሌላው በር ወጣሁ። የተቀየመ መባል የታመመ ከመባል ይሻላል ያልኩ ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 20

ኤፍራት ለሰንበት መጣች። ያየህን እግር የምታለማምደው ባለሙያ እንዳዘዘችው ኮሪደሩ ወለል ላይ ቢጫ ቴፕ አግድም አግድም ለጥፋለች፣ በየእርምጃው አንድ። እግሩ መሬት ላይ ሲጣበቅ፣ መስመር ልሻገር ብሎ ሲያስብ ይላቀቃል። ያለ መስመር ግን እንደቆመ ይቀራል። ተአምር ይመስላል። ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን እየተሻገረ መጣ።

«አየሽው? ደስ ብሎታል!» አለች ኤፍራት። «ስገባ ዓይኑ ሲያበራ አላየሽም?»

እኔ አላየሁም። ለልጁ ቢያበራላት ምን ይገርማል።

ሳህን ስናጥብ ድንገት «ኢማ፣ እማዬ፣ የሚደብቀው አባ ነው ወይስ አንቺ?» አለችኝ።

«እሱ ነው እንዳትነግሪ ያለኝ።»

«መቼ?»

ሌላ ሳህን አነሣሁ።

«ኢማ፣ ዲ፣ በቃ። አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደንግጦ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?»

ሳህኑ ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ አጠብኩት። ሰው ያለውን ቃል በየጊዜው እየሄዱ «አሁንም እንደዚያ ትላለህ ወይ?» ይሉታል እንዴ? ለነገሩ ልጠይቀው ብል ምን እንደሚመልስልኝ እፈራለሁ። ለምን እንደምፈራ አላውቅም።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 22

ምን ነካኝ?

ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ትልቁ፣ አባ ብዙአለም፣ ሌላ ሽማግሌ አስከትለው ከሰዓት በኋላ መጡ። ያየህ ተኝቶ ነበር። ሻይ ሳቀርብ «ነገሩ ሳይነሣ አንቀምስም» አሉ፤ ያን ጊዜ ለምን እንደመጡ ገባኝ።

«ልጄ፣ ከሥሩ ልንሰማ ነው የመጣን። ያየህን ማን አስቀየመው? ዓለምነውን ጠየቅነው፣ የማውቀው የለኝም ብሎ አለቀሰ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሁለት ነገር መናገር እችል ነበር፤ አንደኛው እውነቱ ነው። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አፌ የለመደውን አደረገ፣ ቀለል የሚለውን መረጠ።

«በሠርጉ ነው» አልኩ። የዓለምነው የልጅ ልጅ ባለፈው መኸር፣ ከበዓላቱ በኋላ ነው የተዳረችው። «ከሁሉ በታች፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጡን። ያየህ አልተናገረም፣ ግን ከፋው።»

አባ ብዙአለም እፎይ አሉ። «ይህማ የሚፈታ ነው! እኛ ስንት ነገር ፈርተን» አሉና ሻዩን አነሡ።

ከበሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሲንቀጠቀጥ ሰው ሳያየው ይዤው እንድወጣ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 23

ለያየህ ነገርኩት። «ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። በሠርጉ በዓለምነው ተቀይመሃል ተብሏል» አልኩት።

«ማን አላቸው?»

«ሰው ነዋ!»

ብዙ አየኝ። ከዚያ «እሺ» አለ። የነገሩ መጨረሻ ይሄው ነው። ይታረቃሉ፣ ይሳሳማሉ፣ ያልፋል። ማን ተጎዳ? ማንም አልተጎዳም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 3

ትናንት ነበር። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት ተነሥቼ ቤቱን አጸዳሁ። ቢጫውን ቴፕ ከኮሪደሩ ላጥኩት። ሽማግሌዎቹ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ክኒኑን በሰዓቱ ሰጠሁት፣ ነጭ ሸሚዙን አለበስኩት፣ መኝታ ቤት አስቀመጥኩት። ሰው ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ እንዲወጣ ነበር ሐሳቤ፤ የተከበረ ሰው አወጣጥ።

ከሰዓት በአራት መጡ። አባ ብዙአለም፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በመጨረሻ አያ ዓለምነው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለንም። ድንጋዩን ከሕንፃው በታች ካለው አትክልት ነው ያነሣው፣ ጭቃው አልረገፈም።

«ተው ብለነው ነበር» አሉኝ አባ ብዙአለም በጆሮዬ። «ይህ አገር ይህን አይጠይቅም አልነው። እሱ ግን ከያየህ የተማርኩት ነው፣ ያየህ ፊት ባዶ አንገቴን አልቀርብም አለ።»

ዓለምነው ሳሎኑ መሐል፣ ወደ ኮሪደሩ ዞሮ ተንበረከከ። «ወንድሜ ያየህ፣ ሳላውቅ ከበር አስቀምጬሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ስለ እግዚአብሔር።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። የተቀየመው ይመጣል፣ ድንጋዩን ከአንገቱ ያወርድለታል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል፣ ያነሣዋል፣ ይሳሳማሉ። ያየህ ስንቱን እንዲህ አስታርቋል።

ያየህ በኮሪደሩ ብቅ አለ። ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

እኔ አውቄያለሁ። እግሩ ተጣብቋል። ጉልበቱ ሲሞክር፣ ሱሪው ውስጥ ሲርገበገብ አየሁት። ሌላው ሰው ያየው ግን ይህን አይደለም። ሌላው ያየው ወዳጁ እግሩ ሥር ድንጋይ ተሸክሞ ወድቆ ፊቱን የማይፈታ፣ እጁን ከኪሱ የማያወጣ፣ አንዲት እርምጃ የማይራመድ ሰው ነው።

«ያየህ!» አሉ አባ ብዙአለም። «ስለ እግዚአብሔር ተብለሃል እኮ!»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ አልወጣም። ለወትሮም አይሰማም፤ እንኳን ተጨንቆ።

እኔ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። ወለሉን አየሁ፣ የቴፑ ሙጫ ጭረት ጭረት ሆኖ ቀርቷል። ሃያ ሁለት ዓመት ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩ ሴት ለባሌ አንድ ቃል አጣሁለት።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ድንጋዩን አወረዱ። ዓለምነው ሶፋውን ተደግፎ ተነሣ። «ይብቃ። ልቡ ካልፈቀደ አይገደድም» አለ። ማንንም አላየም። አንገቱ ላይ ጭቃ ነበር፣ ማንም አልጠረገለትም።

በሩ ሲዘጋ የያየህ እግር ተላቀቀ። መጥቶ ዓለምነው የተንበረከከበት ቦታ ላይ ቆመ። «ምናለ አንድ ቃል ብትተነፍስ!» ብዬ ጮኽኩበት። አዎ፣ የተቆጣሁት እሱን ነው።

ቴፑን መልሼ ለጥፌዋለሁ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9

ስልክ የሚደውል የለም። ትናንት በደረጃው የምታውቀኝ ሴት ቀድማኝ ወረደች፤ ችኩላ ይሆናል። ክሊኒኩ ውስጥ ሽማግሌዎቹ የሚሉኝን ብቻ ብለው ይወጣሉ። በፊት ስለ ልጆቻቸው ያጫውቱኝ ነበር።

ለሊሮን «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ለፊልሙ ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት።

«እትዬ፣ ሌላ ሰው የለኝም! አርባ ሰው ተመዝግቧል። ከዛሬ ጀምሮ ማር በሎሚ ይጠጡ።»

ስለዚህ ልምምዴን ቀጠልኩ። ፓርኪንሰንን ምን ልበለው? የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ብዬ ብተረጉመው፣ ያየህ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው የለም፣ አያገናኙትም። ይህ ደህና ነው። የሚያስፈራኝ ያቺው ደቂቃ አርባ አንድ ናት። ወንድ ልጃቸው ከውጭ አገር ከሦስት ዓመት በኋላ ይመለሳል። በሩን ይከፍታል። አቭነር ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። አይራመድም፣ አይስቅም። ልጁ ሻንጣውን እንደያዘ «አባ፣ አልናፈቅኩህም?» ይለዋል። ከዚያ አዲና ትናገራለች። የምትለውን ጽፌ ሰረዝኩት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 14

በሰባት ወሰደ። በአሥራ አንድ ወሰደ። የሦስቱን ረሳሁ፣ በአራት ሰጠሁት። ይቅር በለኝ።

ዝናብ። ልብስ አይደርቅም።

ሸሚዙን ስቆልፍለት ጣሪያ ያያል። እኔን ላለማየት ነው የሚመስለኝ። በሽታው ነው። ከሽማግሌዎቹ ወዲህ ግን ባሰበት። ስለ ዓለምነው አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም። በአራት ሰዓት ግን መስኮቱ ዘንድ ይቀመጣል። ዓለምነው በዚያ ሰዓት ከአውቶቡስ ወርዶ በመስኮታችን ሥር ነበር የሚያልፈው። አሁን በሌላ መንገድ ይሄዳል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ገበያ ላይ የዓለምነውን ሚስት ጥሩአለምን ቲማቲም ስትመርጥ አገኘኋት። ልታልፈኝ ነበር፤ ከዚያ ተመለሰች።

«ሰውዬሽ እንዲህ ጨካኝ ነበር እንዴ እልፍነሽ?»

«ተይው ጥሩዬ...»

«ምኑን ልተወው? ዓለምነው ምግብ አይቀምስም። የሠርጉን ቪዲዮ ከፍቶ ያያል። እናንተ የተቀመጣችሁበት ጋ ሲደርስ ያቆመዋል። "ልክ ነው፣ ከበሩ አጠገብ ናቸው፣ እንዴት አላየሁም?" ይላል። ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው።»

የያዝኩት ቲማቲም ከእጄ ወደቀ። ሻጩ ጮኸብኝ።

«ለረቡዕ ፊልም ጎትቼም ቢሆን አመጣዋለሁ» አለች። «ከቤት ይውጣልኝ እንጂ ምንም ይሁን። አንቺ ነሽ አሉ የምትተረጉሚው?»

አዎ አልኳት። እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 23

ጠዋት ነው። ያየህ አልተነሣም። እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በነጭ ነጠላቸው፣ ፊት ለፊት አባ ብዙአለም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓለምነውና ጥሩአለም። እኔ ጥግ ላይ፣ ትንሽ መብራትና ማይክሮፎን ይዤ። መብራቱ ጠፋ፤ ጀመርኩ።

እስከ አርባኛው ደቂቃ ድረስ በልማዴ ሄድኩ። ሐኪሙ «መድኃኒት የለውም» ሲል እኔ «ጊዜ ይፈልጋል» አልኩ። አዲና «ደክሞኛል፣ አንዳንዴ እጠላዋለሁ» ስትል እኔ «ደክሞኛል» ብቻ አልኩ። ሰዎቹ ከንፈር ይመጥጣሉ፣ አቭነርን «አይዞህ» ይሉታል። ሁሉ ደህና ነበር።

ከዚያ ልጁ በሩን ከፈተ። አቭነር ኮሪደሩ ላይ ቆመ። አዲና ተናገረች፣ እኔ ዝም አልኩ። እንደወሰንኩት።

«ምን አለች?» አሉ አባ ብዙአለም በጨለማው። «እልፍነሽ፣ ሴትዮዋ ምን አለች? አልሰማንም!»

ሊሮን ማይክሮፎኑ የተበላሸ መሰላት። ፊልሙን አቆመች፣ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ደግማ ለቀቀችው። ልጁ እንደገና በሩን ከፈተ። አቭነር እንደገና ቆመ። እኔ ግን አቭነርን አልነበረም የማየው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዓለምነው አንገቱን አስግጎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ያን የቆመ ሰው ያያል። ያንን ፊት ያውቀዋል። የት እንዳየው ግን ገና አልያዘውም ነበር።

አዲና ተናገረች። ቃል በቃል ተረጎምኩት።

«ደስ ብሎታል። የቆመው እግሩ ነው። የቆመው ፊቱ ነው። እሱ ግን ውስጥ ሆኖ ወዳንተ እየሮጠ ነው።»

ፊልሙ ቀጠለ፤ እኔ አልቀጠልኩም። የራሴን ድምፅ ከግድግዳው ስፒከር ሰማሁት። «ያየህም እንዲሁ ነው» ይላል። «ያየህ አልተቀየመም። ታሟል። ይኸው በሽታ ነው፣ ሁለት ዓመት አልፎታል።»

ወንበር ተንጓጓ። ዓለምነው ተነሥቶ በሰዎች ጉልበት መሐል እየተሹለከለከ ወጣ። ጥሩአለም ጠራችው፣ አልዞረም። ሌላው ፊልሙን ትቶ እኔን ያያል። ሊሮን እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ምን ላድርግ? ሠላሳ አንድ ደቂቃ ይቀራል፣ አርባ ሰው ተቀምጧል። ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንዱንም አላለሳለስኩም። «አይድንም» ሲሉ አይድንም አልኩ።

ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዓለምነው የያየህን እጅ በሁለት እጁ ይዞታል፣ እጁ በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በሩ ላይ እንዳለሁ ዓለምነው ሲናገር ሰማሁ።

«በሽታውስ እሺ። ሠርጉስ? ከበር ማስቀመጤስ?»

ያየህ በዚያች በተረፈችው ድምፁ መለሰ። «ከፍቶኝ ነበር። አሁን ወጣልኝ።»

ይህን መስማት አልቻልኩም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ገባሁ። «አልከፋውም» አልኩ። «ከበሩ አጠገብ እንቀመጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ለአባ ብዙአለም የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱ ምንም አላለም።»

ዓለምነው ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲያ ድንጋዩን የተሸከምኩት ላንቺ ነዋ፣ እልፌ።»

ኮፍያውን አነሣ። «ነገ በአራት እመጣለሁ፣ እንራመዳለን» አለው ያየህን። እኔ አጠገብ ሲያልፍ ትከሻውን ሰበሰበ።

ረቡዕ፣ ማርች 1

በየቀኑ በአራት ይመጣል። ያየህን ደግፎ ደረጃውን ያወርደዋል፣ ሲመለሱ ዓይናቸው በብርድ እንባ አቅርሮ ነው። እግሩ ሲቆምበት ዓለምነው ከፊቱ መሬት ላይ የራሱን ጫማ አግድም ያደርግለታል፣ «ተሻገር» ይለዋል። ከመስኮት ነው ያየሁት። እኔን «ደህና ዋሉ?» ይለኛል፣ በእርስዎ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንቺ ሲለኝ፣ እልፌ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። «ደህና» እለዋለሁ። ሻይ ሳቀርብ «አይድከሙ» ይላል።

ሴቶቹ መደወል ጀምረዋል። የሚደውሉት ለያየህ ነው። «እግዜር ይማረው፣ ያንን ሁሉ ችሎ!» ይላሉ። ስለ እኔ የሚሉትን እኔ በሌለሁበት ነው የሚሉት፣ ልክ ናቸው። ኤፍራት «ጎበዝ ኢማ» አለችኝ። ጎበዝ አይደለሁም። አባ ብዙአለም ግን ክሊኒክ ሲመጡ ራሳቸው ጠሩኝ። «ስኳሬን እንዳለ ንገሪኝ፣ ሳትቀንሺ» አሉኝ። ነገርኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ሸሚዙን ስቆልፍለት ጠየቅኩት።

«ያየህ፣ ያን ቀን እግርህ ተያዘ። ከዚያ በኋላስ? ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ዓለምነው መጥቶ እስኪጠይቅህ ድረስ፣ አልተቀየምኩም ለምን አላልክም? ለኤፍራት እንኳ ብትነግራት ትደውልለት ነበር።»

ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ።

«አልተቀየምኩም ካልኩ» አለ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሽማግሌ ፊት የዋሸሽው አንቺ ልትሆኚ ነው። እኔ ብቀየም ይሻላል። ለፊቴም ይስማማል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

«ቀልድ ነው? እየሳቅክ ነው?»

«እየሳቅሁ ነው።»

«እኔ እኮ አይታየኝም ያየህ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከሥራ ስትገቢም ሁልጊዜ እስቃለሁ።»

ከእግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አርባ ሰው ፊት «የቆመው ፊቱ ነው፣ እሱ ግን እየሮጠ ነው» ያልኩት እኔ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር የገባሁት ባሌ እንደተቀየመኝ አምኜ ነበር።